ወፏ የጠራችው ስም

ሪሐና የእርጥብ አንሶላውን ጋሪ እየገፋች ከማጠቢያው ወደ መተኮሻው ስትሮጥ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ነፋስ መስሏት ነበር። ዞር ስትል ግን ሻምበል ዋቅጅራ በገዛ እጃቸው መቀርቀሪያውን ሲጥሉ አየቻቸው።

«ማሽኑን አጥፉ» አሉ።

አጣቢው ቴዎ ማጠቢያዎቹን አጠፋ። ትልቁ መተኮሻ ግን እንደ ሌላው ወዲያው አይቆምም። በርሜል የሚያህለው የጋለ ብረት ባዶውን እየዞረ፣ እያቃሰተ፣ እየዘገየ ሄዶ ዝም አለ። በሥራ ሰዓት ይህ ክፍል እንዲህ ጸጥ ሲል ሪሐና የምታውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ባልደረባቸው ሀኒ የተቃጠለች ዕለት።

ጊዜው የ1988 ዓ.ም. ሐምሌ ነበር። ይህ የልብስ ማጠቢያ በጓሮው ያለበት ምዕራፍ ሆቴል ከካዛንቺስ የጭቃ ቤቶች መካከል ብቻውን ረዝሞ የቆመ ሕንፃ ነው። በደርግ ጊዜ ተወርሶ የመንግሥት ሆነ፤ ባለፈው ዓመት ደግሞ ወደ ግል ተዛወረ። አዲሱን ባለቤት ሠራተኛው የሚያውቀው በላንድክሩዘሩ ጥቁር መስታወት ብቻ ነው። ሻምበልን ግን ሁሉም ያውቃቸዋል። የፈረሰው ጦር ሻምበል ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው መንግሥት ከወደቀ ዓመታት አልፈዋል፤ እሳቸው ግን ዛሬም «አቶ» ብሎ ለጠራቸው ሰው አይመልሱም። አሁን የሆቴሉ የአስተዳደርና የጥበቃ ኃላፊ ናቸው። አይጮኹም፣ አይሳደቡም። የሚያስፈራውም ይኸው ነበር።

«ቁጭ በሉ ልጆች። መሬቱም ቢሆን ንጹሕ ነው፤ እናንተው ናችሁ የምታጥቡት።»

ሁሉም ተቀመጠ። አንሶላ አጣጣፊዎቹ፣ ተኳሾቹ፣ አጣቢዎቹ፣ ጀርባቸውን ለሞቀው ግድግዳ ሰጥተው ተደረደሩ። ሪሐና ከጓደኛዋ ከብርኽቲ አጠገብ ተቀመጠች።

«ዛሬ ሥራ የለም» አሉ ሻምበል። «ዛሬ አውጫጭኝ ነው።»

ቴዎ ሳቀ። ቴዎ ቀብር ላይም ይስቃል ይሉታል።

«ሻምበል፣ ማለቴ፣ አውጫጭኝ ገጠር አይደል እንዴ? በሬ ጠፋ?»

«በሬ ቢሆን ይሻል ነበር። የወጣው ወሬ ነው።»

ከዚያ ለማያውቁት አስረዱ። በአባቶቻቸው አገር ከብት ሲሰረቅ፣ ጎተራ ሲቃጠል፣ አገሬው በሙሉ ተጠርቶ ሜዳ ላይ ይከበባል። እያንዳንዱ ሰው ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ያየሁትን የሰማሁትን አልደብቅም ብሎ ይምላል። ከዚያ በሽማግሌው ጆሮ ይናገራል። የተናገረው ሰው ማን እንደሆነ ለዘላለም አይወጣም፤ ሽማግሌዎቹ «ወፍ ነገረችን» ይላሉ፣ በቃ። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ግን ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ቢዘንብም፣ ቢርብም፣ የታሰረ ጥጃ ቢጮህም።

«እኔ ማንንም አልመታም» አሉ ሻምበል። «ፖሊስም አልጠራም። በአገራችሁ ባህል ነው የምዳኛችሁ።»

ስለ ምን እንደሆነ መናገር አላስፈለጋቸውም። ትናንት ጠዋት አንድ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሳይጠራ መጥቶ ነበር። እንግዳ መቀበያውን አልፎ፣ ወጥ ቤቱን አልፎ፣ ማንንም መንገድ ሳይጠይቅ በቀጥታ ትልቁ መተኮሻ ፊት ቁጢጥ አለ። ከዚያም ጣቱን ብሎኑ በወለቀበት ቀዳዳ ከትቶ «እዚህ ጋ የነበረው ብረት የት ሄደ?» አለ።

ያን ብረት ሠራተኞቹ «ዘበኛው» ይሉት ነበር። ከጋለው በርሜል ፊት የሚጋደም ነው። የሰው ጣት ሲነካው ማሽኑ ቀጥ ይላል። ታዲያ ወፍራም ብርድ ልብስ ሲነካውም ይቆማል። አዲሱ ባለቤት የሌሎች ሆቴሎችን ልብስ እየተቀበለ እዚህ ማሳጠብ ሲጀምር፣ መቆሙ ሥራ አጓተተ ተባለ። ዘበኛው ይነሳ ተባለ። ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ሀኒ የትራስ ልብስ ጫፍ ስታስገባ እጇ አብሮ ገባ።

ሆቴሉ ጥፋቱ የራሷ ነው፣ ቸልተኛ ናት አለ። ሆኖም «በርኅራኄ» ኡራኤል አጠገብ ባለ ክሊኒክ ያሳክማታል። ሀኪሙ ከጭኗ ቆዳ ወስዶ መዳፏ ላይ ሊተክል ቀጠሮ ይዞላታል። ካልተተከለ ጣቶቿ እንደተጨበጡ ይቀራሉ።

ኡራኤል አካባቢ ወዳለው የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሄዳ ስለ ዘበኛው የተናገረችው ሪሐና ናት። በዕረፍቷ ቀን፣ ሻሿን ዝቅ አድርጋ አስራ፣ ብቻዋን ነበር የሄደችው። ለብርኽቲም አልነገረቻትም። በማግሥቱ ብርኽቲ «ትናንት ኡራኤል ታክሲ ስትጠብቂ አየሁሽ መሰለኝ» ብላት ነበር። «እኔ አይደለሁም» አለቻት።



ሽማግሌ ሆነው የተመረጡት ሁለት ሰዎች መጋዘኑ ውስጥ በብርድ ልብስ ክምር መካከል ተቀመጡ። አንዱ የወጥ ቤቱ አለቃ ጋሽ አጽብሃ ናቸው፤ ሽርጣቸውን እንኳ አላወለቁም፤ ወንጌል ይዘዋል። ሁለተኛው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጋሽ ሱሩር ናቸው፤ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ቁርኣን በሁለት እጃቸው ታቅፈዋል። ሁለቱም በሆቴሉ ውስጥ ያረጁና የሚከበሩ ናቸው። ሻምበል ሰው መምረጥ ያውቃሉ። ለእነሱ መዋሸት ለአባት እንደ መዋሸት ነው።

የመጀመሪያዋ ሴት ገባች። ወጣች። ጋሽ አጽብሃ ከውስጥ ስም እንዳልተገኘ በራሳቸው ንቅናቄ ሲያመለክቱ፣ ሻምበል ዓይኗን ዓይኗን አዩዋት።

«አላውቅም ነው ያልሽው?»

ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች።

«አላውቅም ያለ ተመልሶ ይቀመጣል። አገር ሲከበብ የማያውቅ ሰው የለም። ያላየው ሰምቷል፣ ያልሰማው ጠርጥሯል። እንደገና ታስቢበታለሽ።»

ዝናቡ ጀመረ። የቆርቆሮው ጣሪያ ሲያጓራ ሰው የጎረቤቱን ቃል መስማት አቃተው። ቴዎ ወደ ሪሐና ጎንበስ ብሎ «እኔስ ሻምበልን እጠቁማለሁ። እሱ ነው ሲያወራ የዋለው» አላት። ማንም አልሳቀለትም። እሱም ቢሆን ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

ብርኽቲ የስድስት ወር ሕፃን አላት። በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ እህቷ ሕፃኑን አዝላ እስከ ኋላ በር ታመጣውና ብርኽቲ ሮጣ ወጥታ ታጠባዋለች። ዛሬም መጣች። በዝናቡ መሃል የሕፃኑ ልቅሶ ተሰማ፤ ቀጥሎ የበር ጠባቂው ድምፅ፣ «ተከልክሏል! ተመለሺ!» ሲል። ልቅሶው እየራቀ ሄደ።

ብርኽቲ ዓይኗን ጨፈነች። በጋዋኗ ደረት ላይ ሁለት እርጥብ ክቦች ወጡና እየሰፉ ሄዱ። በእጆቿ ሸፈነቻቸው።

«ሻምበል» አለች። «በእመቤታችን ይዤዎታለሁ። ልጄን አጥብቼ ልመለስ። ከበሩ አልርቅም።»

«እኔ አላሰርኩሽም ብርኽቲ። ያሰረሽ ያ የተናገረው ሰው ነው። እዚሁ ነው ያለው፤ አጠገብሽ ይሆናል። ልጅሽ ሲያለቅስ እሱም ሰምቷል።»

ብርኽቲ ቀስ ብላ አንገቷን አዞረችና ሪሐናን አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ተነስታ ወደ መጋዘኑ ገባች።

አሁን አለቀልኝ አለች ሪሐና በልቧ። ኦሎምፒያ አካባቢ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሚጠብቋትን ታናናሾቿን አሰበች። ታላቅ ወንድሟ ከዱባይ ይልካል የሚባለው ነገር ወሬ ከሆነ ቆይቷል። ከዚህ ክፍል ከተባረረች ሻምበል በአንድ ስልክ የከተማውን ሆቴል ሁሉ በር ይዘጉባታል። የሠራተኛ ማኅበሩን ሊቀ መንበር እንዲያ ነበር ያደረጉት። ሰውየው አሁን የሕንፃ መሠረት በሚቆፈርበት ቦታ ድንጋይ ይሸከማል ይባላል።

ብርኽቲ ወጣች። ሻምበልን ሳታይ፣ ሪሐናንም ሳታይ፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ሻምበል ምንም አላሏትም። አንድ ስም ተናግራለች ማለት ነው።

«ሪሐና» ተባለ።

መጋዘኑ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ጋሽ ሱሩር «በመጀመሪያ ታጠቢ ልጄ፤ ሳይታጠቡ አይነካም» አሏትና ጥግ ያለውን ቧንቧ አሳዩዋት። እጇን፣ ፊቷን፣ ክንዷን፣ እግሯን ታጠበች። በቀስታ ታጠበች። ውኃው ባያልቅ ደስ ባላት።

«አባትሽን አውቃቸው ነበር» አሉ ጋሽ ሱሩር፣ ቁርኣኑን ዘርግተው። «መርካቶ ሱቃቸው ስገባ ሚዛን ላይ ጣታቸውን የማያሳርፉ ሰው ነበሩ። እንግዲህ እንደሳቸው ተናገሪ።»

«ያየሁትን የሰማሁትን አልደብቅም። ወላሂ» አለች ሪሐና። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ጋሽ አጽብሃ በላብ የራሰ ግንባራቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ጆሯቸውን አቀረቡ። «ታዲያ ማን ትያለሽ?»

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ «እኔ»። ቃሏን ልታወጣ አፏን ስትከፍት በበሩ ስንጥቅ የሻምበልን ጫማ አየች። በደንብ የተወለወለ ጥቁር ጫማ ነው፤ አይንቀሳቀስም፤ ይጠብቃል። አላውቅም ብትል ሌላውም ሰው አብሯት እንደታሰረ ይመሻል። የአንዱን ስም ብትጠራ ያ ሰው ይባረራል። የማይባረር ሰው ማን ነው? እዚህ የሌለ ሰው። ከዚህ ወጥቶ ያለቀለት ሰው።

«ሀኒ» አለች። «ሀኒ ናት ሲባል ሰምቻለሁ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ጋሽ ሱሩር ቁርኣኑን መልሰው ጠቀለሉ።

ስትወጣ ሻምበል አላቆሟትም። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ስትል፣ ያፈረችበት ነገር ቢሆንም፣ ሰውነቷ እንደ ዳነ ሰው ላላ። ሀኒን ምን ያደርጓታል? የተቃጠለን ሰው ማን እንደገና ያቃጥለዋል?

ቀሪዎቹ እየገቡ ወጡ። ከእሷ በኋላ «አላውቅም» ብሎ የተመለሰ ሰው አልነበረም። ቀድሞ አላውቅም ያለችውም ሴት ደግማ ገብታ ስታበቃ ሽማግሌዎቹ ወጡ።

«ወፏ ተናግራለች?» አሉ ሻምበል።

ጋሽ አጽብሃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተናግራለች። ሀኒ ነው ያለችው።»

«አንዲት ወፍ ብቻ ናት እንዲህ ያለችው?»

«ሁሉም ሻምበል። ሁሉም ያው አንድ ስም ነው የጠሩት።»

ከዚያ አንዱ ሌላውን ማየት ጀመረ። ቴዎ ብርኽቲን አየ፤ ብርኽቲ ሪሐናን አየች። ሳይመካከሩ፣ አንድ በአንድ፣ በመሐላ ተይዘው፣ ሁሉም ያው አንድ ቀዳዳ ነበር ያገኙት። ብርኽቲም ኡራኤል ያየቻትን አልተናገረችም። ሪሐና ልታለቅስ ቃጣት።

ሻምበል ግን አልተቆጡም። ፈገግ ብለው ወደ ግድግዳው ስልክ ሄዱና ደወሉ።

«ጌታዬ፣ ታውቋል። ልጅቷ ራሷ ናት። የእኛን እየበላች፣ በእኛ ሀኪም እየታከመች። … አዎ። … ልክ ነው ጌታዬ፣ ከሳሽን የማሳከም ግዴታ የለብንም። ክሊኒኩን ዛሬውኑ አነጋግራለሁ። ቀጠሮው ይሰረዛል።»

ስልኩን ዘጉ። መቀርቀሪያውን አነሱ። የዝናቡ ብርድ ወደ ውስጥ ገባ።

«ሂዱ በሉ። ባህል ጥሩ ነው። ማንም አልተጎዳም።»

ብርኽቲ የመጀመሪያዋ ሆና ወጣች፤ ደረቷን በሁለት እጅ እንደያዘች እየሮጠች። ሌሎቹም ተነሱ። ጋዋናቸውን አወለቁ፣ ጃንጥላ ፈለጉ። ሪሐናም ተነሳች። እግሯ ወደ በሩ ወሰዳት። ሁለት እርምጃ ቢቀራት ነው። ከውጭ የሚገባው አየር እርጥብ መሬት መሬት ይሸታል። ነገ መጥታ ትሠራለች። ማንም አያውቅም። መቼም አይታወቅም።

ባለፈው እሑድ ሀኒን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። ሀኒ በፋሻ የተጠቀለለውን እጇን ትራስ ላይ አስቀምጣ፣ «ሪሑዬ፣ ሲድን በመጀመሪያ የማደርገውን ታውቂያለሽ? ፀጉሬን ራሴ እሠራለሁ። የሰው ሹሩባ አይመቸኝም» ብላ ሳቀች።

ሪሐና በሩ ላይ ቆመች። ከኋላዋ ያለችው ሴት ገፋ አደረገቻት። «እለፊ እንጂ!»

«ወፏ ተሳስታለች» አለች ሪሐና።

ማንም አልሰማትም። ዝናቡ ነበር። ዞረችና እንደገና ተናገረች፤ አሁን ጮኸች።

«ሻምበል! ሀኒ አይደለችም። እሷ ከአልጋ አልወረደችም። የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ሰዉ ሁሉ እንደ ቆመ ቀረ። አንዲት ሴት «ዝም በይ አንቺ! ልታስበይን ነው?» አለች በሹክሹክታ። ሻምበል በዝግታ መጡ። ጫማቸው እርጥቡን ወለል ሲረግጥ ይሰማል። ከሪሐና ፊት ቆሙ። ለማምለጥ በሩ ክፍት ነው። ለመቆም የረዳት ጀግንነት አልነበረም፤ መሮጥ ስላቃታት ነው።

«ምለሽ ነበር» ያሉት ግን ሻምበል አልነበሩም። ጋሽ ሱሩር ናቸው፤ ቁርኣኑን እንደታቀፉ።

«ምያለሁ ጋሼ። አልደብቅም ብዬ ደበቅሁ። ፈርቼ ነው። አሁንም ፈርቻለሁ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ላይ ያለው ሐዘን ከሻምበል ዝምታ የበለጠ ከበዳት። ከዚያ ግን ወደ ሻምበል ዞሩ።

«እንግዲህ ሻምበል፣ ስልኩን መልሰው ይደውሉ። የዚያችን ልጅ ሕክምና ይመልሱ።»

«እሱ የባለቤቱ ጉዳይ ነው ጋሽ ሱሩር።»

«እርስዎ ሰው አስምሉ ብለውን በሐሰት ፈረድን። እኔ ይህን ኪታብ ይዤ ነው የተቀመጥኩት። የአንዲት አካለ ስንኩል ጣት በእኔ አፍ ተጨብጦ አይቀርም። ካልደወሉ እኔ እደውላለሁ።»

ጋሽ አጽብሃም ሳይናገሩ ሄደው ከጎናቸው ቆሙ። ዱቄት የነካውን ወንጌላቸውን በብብታቸው ይዘዋል። የሻምበል መንጋጋ ተንቀሳቀሰ። ባህሉን የጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ሽማግሌዎቹን የመረጡት እሳቸው ናቸው። በሠራተኛው ሁሉ ፊት መልሰው ሊያፈርሱት አልቻሉም። ስልኩን አነሱ።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ስሕተት ነበር። … አይ፣ ሌላ ሰው ነው። አዎ፣ እዚሁ ፊቴ ቆማለች። የልጅቷ ቀጠሮ ባለበት ይቆይ። … እሺ። እሺ ጌታዬ፤ ይህችን እኔ እጨርሳለሁ።»

*ይህችን እኔ እጨርሳለሁ።* ሪሐና ቃሉን በጆሮዋ ሳይሆን በአከርካሪዋ ሰማችው።

«ሌሎቻችሁ ውጡ» አሉ ሻምበል። ሰዉ ወጣ። ቴዎ በመጨረሻ ሲያልፍ የሆነ ቀልድ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ምንም አልመጣለትም፤ ትከሻዋን ነካ አድርጓት አለፈ። ሽማግሌዎቹ ብቻ ቀሩ፤ ጋሽ ሱሩር ከመጋዘኑ በር አጠገብ ብርድ ልብስ ላይ ተቀመጡና «እኔ የትም አልሄድም» አሉ።

ሻምበል ወንበር ስበው ተቀመጡ። ለእሷ ወንበር አልሰጧትም።

«ማን ላከሽ? ያ የማኅበሩ ሰውዬ ነው?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ማን አብሮሽ ሄደ?»

«ብቻዬን ነው የሄድኩት።»

«ብቻሽን» አሉ ሻምበል፣ እንደሚራራ ሰው። «ልጄ፣ እኔ ብዙ ሰው መርምሬአለሁ። ሰው ብቻውን ተነስቶ ሆቴል አይከስም። ከኋላሽ አንድ ሰው አለ። እሱን ስጪኝና ሥራሽን አንቺው ያዢ።»

ሪሐና የምትሰጠው ስም አልነበራትም። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን መዋሸት አላስፈለጋትም። በጠባቡ መስኮት ወደ ግቢው ተመለከተች። ከፊሎቹ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ከፊሎቹ ፌስታል ደፍተው፣ ወደ ኋላ ሳያዩ በትልቁ በር ወጡ። ሌሎቹ ግን አልሄዱም። በጣሪያው ክፈፍ ስር ተደርድረው ቆመዋል። ብርኽቲም አለች፤ እህቷ ከሆነ ቦታ ተመልሳ መጥታ ሕፃኑ በነጠላ ስር ይጠባል። የቆሙት ለሪሐና ብለው ይሁን ዝናቡን ፈርተው ይሁን አታውቅም። ዝናቡ ሲያባራ ይታወቃል።

ሻምበል ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። ክዳኑን በጥርሳቸው ነቀሉት።

«ይሁን። እንዳልሽው ብቻሽን ከሆንሽ ብቻሽን ትጠየቂያለሽ። ስም፣ ከነአያት።»

ከመስኮቱ ዞረች።

«ሪሐና» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ፤ ሻምበል «አልሰማሁም» አሉ።

«ሪሐና ከድር ሙዘይን።»

በዚህ ጊዜ በጣሪያው ስር የቆሙትም ሰሙት።